ልጃችሁ ዛሬ ስንት ኪሎ ነው? (ለህፃናት መድሃኒት አሰጣጥ)

ፋርማሲ ለሚመጣ ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው፣ ብዙ ሰው ግን የሚመልስልኝ እድሜውን ነው፣ "ለጥምቀት ሶስት ይሞላዋል"፣ "ገና ጡት አልጣለም" ምናምን። ያው እድሜም ያስፈልጋል፣ ግን የልጅ መድሃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። ሁለት የሁለት አመት ልጆች ጎን ለጎን ብታቆሟቸው አንዱ 9 ኪሎ ሌላው 14 ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ ለሁለቱም እኩል ከሰጣችሁ ወይ ለአንዱ አነሰው ወይ ለአንዱ በዛበት። በተለይ አመት ያልሞላው ልጅ ኪሎው ቶሎ ቶሎ ነው ሚቀየረው፣ ሲወለድ የነበረው ክብደት አምስት ወር አካባቢ እጥፍ ይሆናል፣ አመት ሲሞላው ሶስት እጥፍ፣ ስለዚ ሚያዝያ ላይ የሰጣችሁት ልክ ለነሐሴ አይሆንም።

ኪሎውን ለማወቅ ሆስፒታል ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የህፃናት ሚዛን አላት፣ ለክትባት ስትሄዱ አስመዝኑና ካርዱ ላይ አፅፉት። ትልቅ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ካገኛችሁም ልጁን ታቅፋችሁ ተመዘኑ፣ ከዛ ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ልዩነቱ የልጁ ኪሎ ነው። ምንም ሚዛን ከጠፋ ከአመት በላይ ላለ ልጅ እድሜው ላይ 4 ደምሮ በ2 ማባዛት ሚባል ግምት አለ፣ የሶስት አመት ልጅ 14 ኪሎ ይመጣል ማለት ነው፣ ግን የኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ከዛ ይቀላሉ ስለዚ እኔ በግምቱ ብዙም አልተማመንም።

የትራኮማ ዘመቻ ሲመጣ አይታችሁ ይሆናል፣ ልጆቹን ቀጥ አድርገው አቁመው በመለኪያ እንጨት ቁመታቸውን ለክተው ነው ዚትሮማክሱን ሚሰጧቸው። "ለአይን መድሃኒት ቁመት ምን ያደርጋል?" ብሎ የሚስቅ አለ፣ እዛ ጋ ቁመቱ የኪሎ ምትክ ነው፣ በየቀበሌው ሚዛን ተሸክሞ ከመዞር እንጨቱ ይቀላል። ከ6 ወር በታች ለሆኑት ደሞ ሽሮፑን አይሰጧቸውም፣ የቴትራሳይክሊን የአይን ቅባት ነው ሚሰጣቸው።

"እሺ፣ የትልቅ ሰው ኪኒን ሰብሬ ሩቡን ብሰጠውስ?" ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። የፓራሲታሞል ኪኒን 500 ሚሊግራም ነው፣ ሩቡ 125 ይሆናል፣ ለ10 ኪሎ ልጅ በቁጥር ደረጃ ያስኬዳል፣ ለ5 ኪሎ ህፃን ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ደሞ በቢላ ሩብ አድርጋችሁ ስትሰብሩት አራቱ ቁራሽ እኩል ወጥቶ አያውቅም። ይሄም ፓራሲታሞል ስለሆነ ነው፣ ሌሎቹ መድሃኒቶች ላይ ጭራሽ ሂሳቡ አይሰራም፣ ምክንያቱም የህፃን ሰውነት መድሃኒቱን የሚይዝበት መንገድ ራሱ ሌላ ነው። ጨቅላ ህፃን ጉበቱ መድሃኒት ለመስበር ገና አልደረሰም፣ ኩላሊቱም እንደ ትልቅ ሰው ማጣራት የሚጀምረው ወደ አንድ አመት ሲጠጋ ነው፣ ስለዚ የገባው መድሃኒት ቶሎ አይወጣም፣ በላዩ ላይ ሌላ ሲጨመር ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው ጨቅላዎች ቆዳቸው ግራጫ እየሆነ ሲሞቱ ነው ሃኪሞቹ ነገሩ የገባቸው፣ ጉበታቸው መድሃኒቱን ማስወገድ አቅቶት ነበር።

ሰውነታቸውም ውሃ ይበዛዋል፣ ጨቅላ ከክብደቱ 75 በመቶ አካባቢ ውሃ ነው፣ ትልቅ ሰው 60 ገደማ። ለዚ ነው እንደ ጄንታማይሲን ያለው መርፌ ለጨቅላ በኪሎ ሲሰላ ከፍ ብሎ፣ ግን አራርቆ የሚሰጠው። ከዛ ደሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ከሁለት አመት በኋላ ያለ ልጅ ጉበቱ አንዳንዱን መድሃኒት ከትልቅ ሰው በላይ በፍጥነት ያቃጥለዋል፣ እና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድሃኒት ለልጅ በኪሎ ሲታይ ከአባቱ የበለጠ ይታዘዝለታል። "በዛበት" ብላችሁ በራሳችሁ እንዳትቀንሱ። ቆዳቸውም ስስ ነው፣ ለፊት ማቅያ ገዝታችሁ ያስቀመጣችሁትን ቤታሜታዞን ቅባት ለህፃን ቂጥ ሽፍታ መቀባት አይሆንም፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። 10 ኪሎ ልጅ እንውሰድ፣ በ15 ስናባዛ 150 ሚሊግራም። ጥያቄው 150 ሚሊግራም በማንኪያ ስንት ነው ሚለው ነው፣ እሱን ሚነግራችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለው ፅሁፍ ነው። "120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ" ካለ 6 ሚሊ አካባቢ ትሰጣላችሁ። "250 ሚሊግራም በ5 ሚሊ" ካለ 3 ሚሊ ብቻ። በጠብታ የሚመጣው ትንሿ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊ ውስጥ 100 ሚሊግራም አለው፣ ከሱ አንድ ሚሊ ተኩል ይበቃል። ትንሽ ጠርሙስ ስለሆነች ቀላል ትመስላለች፣ ግን ውስጧ ያለው መድሃኒት በጣም የጠነከረ ነው፣ ከሷ እንደ ትልቁ ሽሮፕ 6 ሚሊ ብትሰጡ 600 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፣ ለቀኑ ሙሉ ሚበቃውን በአንድ ጉርሻ። ሽሮፑ ሲያልቅ ሌላ ፋርማሲ ሄዳችሁ "ያንኑ ስጡኝ" ብላችሁ የገዛችሁት በቀለምም በስምም አንድ ሆኖ ጥንካሬው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ በተገዛ ቁጥር ቁጥሩ ይታይ።

ሌላው የሚያጣላን ነገር ሰው ሚሊግራሙንም ሚሊሊትሩንም ሁለቱንም "ሚሊ" ማለቱ ነው። አንዷ እናት "150 ሚሊ ስጪው ተብያለሁ" አለችኝ፣ 150 ሚሊ ማለት እኮ ጠርሙሱን ከነትርፉ ማጠጣት ነው! ሃኪሙ ያለው ሚሊግራም ነበር። ከፋርማሲ ከመውጣታችሁ በፊት ሲሪንጁን ይዛችሁ "እስከየት ልሳብ?" በሉና መስመሩ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉ፣ እኔ ሁሌ እንዲ ነው የማደርገው፣ ማንበብ የማትችል አያትም ብትሆን ምልክቱ ድረስ ትስባለች።

የቤት ማንኪያ ተዉት። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ነው ይባላል እንጂ የየቤቱ ማንኪያ ከ3 እስከ 7 ሚሊ ይለያያል፣ የሾርባ ማንኪያ ደሞ የሱ ሶስት እጥፍ ነው። የሃይላንድ ክዳን ሚጠቀምም አለ፣ ኧረ ተው። መርፌው የሌለው 5 ሚሊ ሲሪንጅ ግዙ፣ ርካሽ ነው፣ ለጠብታው የ1 ሚሊውን። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ካለች አውጥታችሁ ጣሏት፣ ልጁ ጉሮሮ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። አሰጣጡ ላይ የኛ አገር ልማድ ልጁን በጀርባው አስተኝቶ አፍንጫውን ይዞ መጋት ነው፣ አጥሚቱም መድሃኒቱም እንዲ ነው ሲጋት የኖረው። ይሄ ወደ ሳንባ ያስገባበታል። ቀና አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ሲሪንጁን በጉንጩ በኩል አስገቡና ቀስ እያላችሁ ግፉት፣ ይውጥ፣ ደሞ ትንሽ። ሙሉ ጡጦ ወተት ውስጥ መቀላቀልም ጥሩ አይደለም፣ ግማሹን ጠጥቶ ከተወው ስንት መድሃኒት እንደገባ ማን ያውቃል። ከሰጣችሁት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካስመለሰው ይደገማል፣ ከዛ ከቆየ አትድገሙት።

በዱቄት ስለሚመጣው አንቲባዮቲክ (አሞክሳሲሊን ምናምን) ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሚበላሸው እዚ ጋ ነው። ቢቻል ፋርማሲው እዛው በጥብጦ ይስጣችሁ። ገጠር ርቃችሁ ከሆነና ቤት ምትበጠብጡት ከሆነ፣ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ በደንብ የቀዘቀዘ፣ ትኩስ ውሃ መድሃኒቱን ያበላሸዋል። ውሃ ሳትጨምሩ መጀመሪያ ጠርሙሱን እንዳለ ነቅንቁት፣ ታች የተጋገረው ዱቄት ይለቅ። ከዛ ጠርሙሱ ላይ ካለው መስመር ግማሽ ድረስ ውሃ ጨምሩ፣ ነቅንቁ፣ አረፋው ይረፍ፣ አረፋው ከወረደ በኋላ መስመሩ ድረስ ሙሉት። አረፋውን እንደ ውሃ ቆጥረው የሚያቆሙ አሉ፣ ያኔ መድሃኒቱ ይወፍራል። በሰጣችሁት ቁጥር ነቅንቁ፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቀን ውሃ፣ የመጨረሻው ቀን ደለል ነው ሚጠጣው። አብዛኛው ያለ ፍሪጅ 7 ቀን ነው ሚቆየው፣ እቃው ላይ ያለውን አንብቡ፣ ከዛ ይደፋል። ለታላቁ ታዞ የተረፈውን ለታናሹ ብሎ ማስቀመጥ የለም! እሱም ኪሎው ሌላ፣ በሽታውም ሌላ፣ መድሃኒቱም የሞተ።

ጤና ኬላ ለሳንባ ምች ውሃ ውስጥ ሚሟሟ የአሞክሳሲሊን ኪኒን ሲሰጧችሁ "ለህፃን ኪኒን ሰጡኝ" ብላችሁ አትከፉ። እንደውም ፍሪጅ ለሌለው ቤት ከሽሮፑ ይሻላል፣ በየጊዜው አንዷን አውጥታችሁ በትንሽ ንፁህ ውሃ ወይ በታለበ የጡት ወተት ታሟሟላችሁ፣ በቃ፣ የሚበላሽ የለም። 5 ቀን ከተባለ በሁለተኛው ቀን ቢድንም 5 ቀን።

ሰዓት ላይ፣ "በቀን ሶስቴ" ሲባል ቁርስ ምሳ እራት አድርገው ጠዋት 2፣ ቀን 7፣ ማታ 1 ሰዓት የሚሰጡ አሉ፣ ከማታ እስከ ጠዋት 13 ሰዓት ባዶ ሆነ ማለት ነው። በየ8 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ይመቻል። የቀን መቁጠሪያው ደሞ የባሰ አደጋ አለው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው የኤክስፓየር ቀን በፈረንጅ ነው። 06/2025 የሚለውን አይቶ በኛ አቆጣጠር አስቦ "ኧረ ገና ሰባት አመት አለው" ያለኝ አባት አለ፣ 06/2025 ማለት በኛ ሰኔ 2017 ነው።

የማይሰጡትን በፍጥነት ልበል። አስፕሪን ከ16 አመት በታች ለትኩሳት አይሰጥም፣ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ በሽታ ያመጣል። አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በታች፣ ወይ ደሞ በተቅማጥ ውሃ የጨረሰ ልጅ ላይ አይሆንም፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ሚዋጥ ቴትራሳይክሊን ከ8 አመት በታች ጥርስን ለእድሜ ልክ ያበልዛል፣ የአይን ቅባቱ ግን ችግር የለውም። ኮዴን ያለበት የሳል መድሃኒት ከ12 አመት በታች፣ ፕሮሜታዚን (የአለርጂ መድሃኒት) ከ2 አመት በታች ትንፋሽ ያቆማል። ተቅማጥ ማቆሚያ ሎፔራሚድ ለህፃን በፍፁም።

ፕላዚል ላይ ግን ማቆም አለብኝ። ማስመለስ እንዲያቆም ተብሎ በግምት ሲሰጥ ልጅ ላይ አንዳንዴ አንገቱ ወደ ኋላ ይቆለመማል፣ አይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላሱ ይወጣል፣ ልጁ ግን ይሰማል ያውቃል። ቤተሰብ ደንግጦ ቡዳ በላው፣ ያዘው ብሎ ሌላ ሌላ ያስባል። ጠበሉም ይደረሳል፣ መጀመሪያ ግን የሰጣችሁትን መድሃኒት ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ማርከሻው ሲወጋ ብዙ ሳይቆይ ይለቀዋል።

ወባ። ደጋ ያላችሁ ሰዎች ልጁ ጃዊ ወይ አባይ በረሃ አካባቢ ዘመድ ጋ ደርሶ ከመጣ በኋላ ካተኮሰው ይሄንን ለባለሙያው ንገሩ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታህሳስ። ደሙ ሳይመረመር ኮአርተም አይጀመርም፣ የወባው አይነት ይለያያል፣ መድሃኒቱም። ኮአርተም ከታዘዘ እሱም በኪሎ ነው፣ ከ5 እስከ 15 ኪሎ ያልሞላ 1 ኪኒን፣ 25 እስኪሞላ 2፣ 35 እስኪሞላ 3፣ ከዛ በላይ 4። የመጀመሪያውና ሁለተኛው መሃል 8 ሰዓት፣ ከዛ ጠዋትና ማታ ለሁለት ቀን፣ ባጠቃላይ 6 ጊዜ። በባዶ ሆድ አይሰራም ማለት ይቻላል፣ ቅባት ይፈልጋል፣ ጡት ለሚጠባ ጡቱ ይበቃል፣ ለሌላው ወተት። ፆም ነው ብላችሁ ወተት አትከልክሉት፣ ታማሚ ህፃን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ሙሉውን ድገሙለት።

ለተቅማጥ ኦአርኤስ፣ ብዙ ሰው ለምለም ሚለው፣ አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙሉ ከረጢት መጨመር "እንዲጠነክርለት" አይደለም፣ ጨው ይበዛበታል፣ የባሰ ያጠማዋል። የአንድ ሊትሩን ሃይላንድ ተጠቀሙ። በተቀመጠ ቁጥር ከ2 አመት በታች ከ50 እስከ 100 ሚሊ በጥቂት በጥቂቱ፣ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ፣ ያደረውን ድፉት። ከሱ ጋር ዚንክ 10 ቀን፣ 20 ሚሊግራሟ ኪኒን ከ6 ወር በላይ አንድ ሙሉ፣ ከዛ በታች ግማሽ። ተቅማጡ ቆመ ብሎ ዚንኩን ማቆም ግን ብዙ ቤት አይቻለሁ።

የቤት መድሃኒቱን በተመለከተ አያቶቻችንን ማስከፋት አልፈልግም፣ ግን አዲስ ለተወለደ ቅቤ ማዋጥና ዳማከሴ ጨምቆ በአፍንጫው ማድረግ ይቅር፣ ቅቤው ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ የዳማከሴውንም መጠን ማንም አይለካውም። ማራችን ምርጥ ነው፣ አመት ላልሞላው ግን ጠብታም ቢሆን አይቀመስ፣ ውስጡ ሊኖር የሚችለው ጀርም ጨቅላ አንጀት ውስጥ አድጎ ልጁን ሽባ ያደርጋል። አመት ካለፈው ለሳል በማንኪያ ማር ከገበያው የሳል ሽሮፕ ሁሉ የተሻለ ነው፣ ይሄንን ምለው ሽሮፑን ሸጬ የምበላ ሰው ሆኜ ነው።

ሁለት ወር ያልሞላው ከሆነ ፋርማሲ አትምጡ፣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ሰውነቱ 37.5 ከደረሰ፣ ወይ ከቀዘቀዘ፣ ወይ ጡት እምቢ ካለ የቤት ፓራሲታሞል ጊዜ ማባከን ነው። ለትልልቆቹም ቢሆን ምንም መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘና አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።

እና እርጉዝ ለሆናችሁ፣ ያቺ ከጤና ኬላ ምትሰጣችሁ የአይረን ኪኒን ከረሜላ ትመስላለች። 60 ሚሊግራም ብረት አላት፣ 10 ኪሎ ልጅ አስሯን ቢውጥ ህይወቱን የሚያሰጋ መጠን ነው። ትራስ ስር ሳይሆን ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አድርጓት። አይረንም ይሁን ፓራሲታሞል በብዛት ከጠጣ "ደህና ነው እኮ ይጫወታል" አትበሉ፣ ፓራሲታሞል የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳያሳይ ጉበቱን ይበላዋል። ወተት ግታችሁ ወይ ጣት ከታችሁ አታስመልሱት፣ ጠርሙሱን ወይ ባዶ ፓኬቱን፣ ስንት እንደቀረና ስንት ሰዓት ላይ እንደዋጠ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል፣ ማርከሻው የሚሰላው በዛ ሰዓትና በኪሎው ነው።